የርቀት ሴሽን የጊዜ ገደብ፦ ሰዓቱ የሚለካው ምንን ነው?

በጋራ በምንገለገልበት ሰርቨር ላይ ከርቀት የተከፈተ ሴሽን ለስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚተው ነው። ይሁን እንጂ ውሳኔው የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ያስኬደውን ስሌት ሊያሳጣው ይችላል። ገደብ ከሌለ ደግሞ ከሳምንታት በፊት ተከፍቶ የተረሳ የሌላ ሰው ሴሽን ማሽኑን ሊያጨናንቅበት ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ በአንድ የጋራ ቤተ ሙከራ ተጠቃሚነቴ ካየሁት በመነሣት፣ ገደብ አስፈላጊ የመሆኑን ያህል፣ የሚለካው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ሊጠብቀው የተደነገገለትን ሥራ ራሱን እንደሚያጠፋ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1961 ለዕይታ የቀረበው ሲቲኤስኤስ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩ ካስቻሉት የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች አንዱ ነው። የማሽን ጊዜ ውድ ስለነበር ለተጠቃሚዎች የተመጠነ ሰዓት ይመደብላቸው ነበር። በዚያው ተቋም የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አለን ሼር በሳምንት የተፈቀደለት አራት ሰዓት ለጥናቱ አልበቃውም። እ.ኤ.አ. በ1962 የይለፍ ቃላት የተመዘገቡበትን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም ሥራውን እንደ ቀጠለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ድርጊቱን ባንደግፈውም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ከሥራው ባሕርይ ጋር ያልተስማማ ገደብ ከመከበር ይልቅ ማምለጫ ይፈለግለታል።

ዛሬ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ለሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን የሚደነገጉት ሰዓቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሴሽኑ በሥራ ላይ የሚቆይበት ጠቅላላ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሴሽኑ እንደ ተገናኘ ሆኖ ተጠቃሚው ቁልፍ ሳይነካ፣ ማውሱንም ሳያንቀሳቅስ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ግንኙነቱ ከተቋረጠ በኋላ ሴሽኑ በሰርቨሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አስተዳዳሪው ምንም ካልደነገገ የተቋረጠ ሴሽን ያለ ገደብ ይቆያል። መስኮቱን መዝጋት ሴሽኑን መዝጋት እንዳልሆነ ብዙዎቻችን አናስተውልም፤ ፕሮግራሞቹ በሰርቨሩ ላይ እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ፣ የያዙትንም ማህደረ ትውስታ አይለቁም። በቤተ ሙከራችን ገደብ ከመደንገጉ በፊት ጠዋት የሚመጣ ሰው የሚያገኘው በተረሱ ሴሽኖች የተጨናነቀና መረጃ ለመክፈት የሚያቅተው ማሽን ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪው ግንኙነቱ የተቋረጠ ሴሽን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲዘጋ ሲወስን አብዛኞቻችን ደስ ብሎን ነበር።

ችግሩ የታየው በአንዲት የውኃ ሀብት ተማሪ ሥራ ላይ ነው። የአንድን ተፋሰስ ፍሰት የሚያሰላ ሞዴል ማታ አስጀምራ ከመኖሪያዋ ሆና ትከታተል ነበር። በሰፈሯ መብራት ጠፋ፤ የኢንተርኔት መስመሩም አብሮ ተቋረጠ። ሰርቨሩ ግን በጄኔሬተር ታግዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ስትመለስ ሴሽኑ የለም፣ ስሌቱም የለም። መዝገቡን አብረን ስናይ ግንኙነቱ በተቋረጠ ልክ በአንድ ሰዓቱ ሴሽኑ መዘጋቱን አገኘን። ረቂቋን ለአማካሪዋ የምታስረክብበት ቀን ተቃርቦ ነበር። እሷ ደንብ አልጣሰችም፤ አስተዳዳሪውም ያስፈጸመው ሁላችንም የተስማማንበትን ደንብ ነው። ደንቡ ግን መስመር የተቋረጠበትንና ሥራውን ትቶ የሄደን ሰው በአንድ ዓይን ያያል። የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ በተለመደበት አገር ይህ ልዩነት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ሁለተኛው ሰዓትም የራሱ ስውር ጉድለት አለው፤ የሚለካው የሰውን እጅ እንጂ የማሽኑን ሥራ አይደለም። ፕሮሰሰሩ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚው ቁልፍ ስላልነካ ብቻ ሴሽኑ «ሥራ ፈት» ይባላል። በሊኑክስ ያለው ባሽ የተባለው ሼል በአንጻሩ ቲኤምአውት በሚባለው ተለዋዋጭ የሚቆጥረው ትእዛዝ እየጠበቀ ያለበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም ከፊት እየሄደ ሳለ አይዘጋም። ሆኖም የኤስኤስኤች መስመር ሲቋረጥ ከሴሽኑ ጋር የተሳሰረ ፕሮግራም አብሮ ሊቆም ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ከሴሽኑ ለመለየት ስክሪንንና ቲመክስን ይጠቀማሉ። ተጠቃሚው ከወጣ በኋላ ፕሮግራሙ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ጥያቄ በሊኑክስ ዓለምም አከራካሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲስተምዲ 230ኛ እትሙ በመውጫ ጊዜ የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ሁሉ እንዲያቆም ሲደረግ ክርክር አስነሥቶ ነበር።

በሌላ በኩል ደኅንነትን ምክንያት አድርገው ገደቡ ይጥበቅ የሚሉ ሰዎች ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተከፍቶ የተተወ ሴሽን ቁልፉ ላዩ ላይ እንደ ተረሳ በር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የማንነት ማረጋገጫ መመሪያ፣ በመካከለኛው የጥንካሬ ደረጃ ተጠቃሚው ቢያንስ በ12 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይሠራ ከቆየ ማንነቱን እንደገና እንዲያረጋግጥ ይጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ ቃሉን ማስተዋል ይገባል፤ የተጠየቀው ሰውየው እንደገና እንዲታወቅ እንጂ የጀመረው ስሌት እንዲጠፋ አይደለም። ማያውን መቆለፍ ደኅንነትን ይጠብቃል፤ ሴሽኑን ማጥፋት ማህደረ ትውስታን ያስለቅቃል። ሁለቱ የተለያዩ ዓላማዎች ስለሆኑ በአንድ ሰዓት ሊመሩ አይገባም።

በእኛ ቤተ ሙከራ ከውይይት በኋላ የተደረሰበት መፍትሔ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ማያው በ15 ደቂቃ ይቆለፋል። ግንኙነቱ የተቋረጠ ሴሽን 24 ሰዓት ይቆያል። ረጅም ስሌት ደግሞ ተጠቃሚው ባይገባም በሚሠራው የዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር በኩል ይጀመራል። ይህ በትልልቅ የስሌት ማእከላት ከተለመደው አሠራር ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚያ ስለርምን በመሰሉ የወረፋ ሥርዓቶች ተመራማሪው ሥራው የሚፈልገውን ጊዜ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ገደቡም የሚጣለው በሰውየው መኖር ላይ ሳይሆን በሥራው ላይ ነው።

መፍትሔው ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በ24 ሰዓቱ ውስጥ የተረሱ ሴሽኖች አሁንም ቦታ ይይዛሉ፤ ሞዴሉን የሚያስኬድ ተማሪም ውጤቱን በየደረጃው ወደ ፋይል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም መጻፍ ይጠበቅበታል። ስለዚህ በጋራ ማሽን የሚሠራ ተመራማሪ ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት አስተዳዳሪውን ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ መስመሬ ቢቋረጥ ሴሽኔ ስንት ሰዓት ይጠብቀኛል? እጄን ባነሣ ሰዓቱ ምን ይቆጥራል? ገደቡ ሲደርስ የሚሆነው መቆለፍ ነው፣ መቋረጥ ነው ወይስ መጥፋት? የእነዚህ መልሶች በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ውስጥ እንደ መረጃው ናሙና ሁሉ አስቀድመው ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው።