ከአደይ በኋላ

ደብረ ታቦር ላይ የቡሄ ጅራፍ ዝም ካለ፣ አደይ አበባም መርገፍ ከጀመረ በኋላ፣ በአንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ጓሮ ሌላ አበባ ተራውን ይይዛል። ከጎመኑ ጥግ ሰይፍ መሰል ቅጠሎች ቆመዋል። አበባው ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ወይን ጠጅ፣ አንገቱ ረጅም። መዓዛው ቀን ቀን ቁጥብ ሲሆን ሲመሽ ግን አጥር አልፎ መንገደኛ ያቆማል፤ ምላሰ ረጅሙን የእሳት ራት የሚጠራው በጨለማ ነውና።

«ጋሼ፣ ይህ የፈረንጅ አበባ ምኑ ይበላል? ድንች ቢተክሉበት አይሻልም?» ይሏቸዋል ጎረቤቶቻቸው።

ስለ ድንቹ አይከራከሩም። «የፈረንጅ» መባሉ ግን ያንገበግባቸዋል። ጀርመናዊው ሺምፐር ከኢትዮጵያ ሰብስቦ በላከው ናሙና መነሻነት ሆክስቴተር በ1844፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የዚሁ አገር ግላዲዮለስ ነው። ብርድ በሚበረታባቸው የአውሮፓ አገሮች ሽንኩርት መሰል ሥሩን ከውርጭ በፊት ቆፍረው በደረቅ ሣጥን ያከርሙታል፤ እዚህ ቅጠሉ በበጋ ይደርቅና ሥሩ አፈር ውስጥ እስከ ዝናብ ይተኛል።

ሟች ባለቤታቸው ይህን ስለሚያውቁ ከቦታው አንሥተውት አያውቁም ነበር። መምህሩ ግን አምና አጥር ሲያድሱ ነቅለው በጣሳ አኖሩት፤ መልሰው የተከሉትም ዘንድሮ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዘገየ። እነሆ ጥቅምት እያለቀ አሥራ አንድ እንቡጥ ይቆጥራሉ፤ አንዱም አልፈነዳም። ማታ ማታ ወንበራቸውን አውጥተው ወደ ጉና ይመለከታሉ። ደመና የለም፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱም ቆሟል። ተነሥተው አሮጌ ጋቢያቸውን በእንቡጦቹ ላይ ይዘረጋሉ።