የእናቴ ፎቶግራፍ

ከእናቴ የቀረኝ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። ጠርዙ ተቀዶ፣ መልኩም ደብዝዞ ስለ ነበር በስካነር አስገብቼ በቤታችን ኮምፒዩተር ላድሰው አሰብኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፎቶሾፕን መከረችኝ። በእርግጥም ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሙያዎች ሲሠሩበት የኖረ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲሶቹ ዕትሞች የሚገኙት በየጊዜው እየተከፈለ ነው። ደመወዜን አስቤ ተውኩት። ጊምፕ የተባለው ግን በነፃ ይገኛል፤ ለመልመድ ትዕግሥት ቢጠይቅም የተቀደደውን ለመጠገን፣ የደበዘዘውን ለማጉላት በቂ ነው።

ስሕተቴ የመጣው ከምርጫው በኋላ ነበር። ጠርዙን ጠግኜ ሳበቃ እጄ አላርፍ ብሎ የእናቴን የግንባር ሽብሽብ ሁሉ አጠፋሁት። አያቷን በዚያ ፎቶግራፍ ብቻ የምታውቀው ልጄ «እማዬ፣ ይህቺ ማን ናት?» አለችኝ። ክው አልኩ። ደግነቱ ጊምፕ ሥራውን የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ፋይል ስለ ሆነ ዋናው ቅጂ አልተነካም።

እንግዲህ እናቶች፣ ፕሮግራም ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ የምትሠሩትን ሥራና ኪሳችሁን አስቀድሙ። ከመጀመራችሁ በፊትም ዋናውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። የተቀደደውን ጠግኑ፤ የእናትን ፊት ግን እንዳለ ተዉት።