በስንዴ የተጀመረ መንግሥት

በስንዴ ኮታ ተናዶ አገር የመሠረተ ገበሬ እንደነበረ ታውቃላችሁ? ሊዮናርድ ኬዝሊ ይባላል። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት የሚሸጠውን ስንዴ ሲገድብበት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እርሻውን ገንጥሎ «ሃት ሪቨር» አለው። ራሱን ልዑል፣ ሚስቱን ልዕልት አደረገ። ቴምብር አሳተመ፣ ገንዘብ አወጣ፤ በ1977 ጭራሽ በአውስትራሊያ ላይ ጦርነት አወጀ! ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ራሱ አበቃ አለ።

ዕውቅና የሰጠው አገር የለም። ቱሪስቱ ግን ከፐርዝ 500 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ ይጎርፍ ነበር። እኔን ቢጠይቁኝ ለማኅተሙ ነው እላለሁ። ለቪዛ ኤምባሲ ደጅ ለምንጠና ሰዎች፣ ልዑሉ ራሱ እየሳቀ ፓስፖርት ላይ ማኅተም ይመታበት የነበረ አገር (በትንሽ ክፍያ፣ ያው ነጋዴም ነበር) እንዴት አያጓጓ?

ግብር ላይ ግን ቀልድ የለም። በ2017 ፍርድ ቤት ወደ 2.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ክፈል አለው። በ2019 አረፈ። በ2020 ኮሮና ጎብኚውን ሲያስቀር፣ ዙፋኑን የወረሰው ልጁ መሬቱን ሸጦ ዕዳውን ለመክፈል መንግሥቱን አፈረሰ።

ማኅተሙ ያላችሁ ካላችሁ ፎቶውን ለጥፉልኝ፤ እቀናለሁ።