የዘገየው ጫጉላ

ልጆቻችን ተማክረው ኖሯል። ባለፈው ጥር 2017 የተጋባንበት 40ኛ ዓመት ሲሞላ የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ወረቀት በፖስታ አሽገው ከኬኩ ጎን አስቀመጡልን። «ዛንዚባር» ይላል። ባለቤቴ መነጽሩን አስተካክሎ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ፣ «እዚያ ምን አለ?» አለ። የመጨረሻዋ ልጃችን «ምንም የለም አባዬ፤ ለዚህ እኮ ነው የምትሄዱት» አለችው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጫለሁ። ጫጉላ የሚሉትን ነገር እኛ አናውቀውም። የተጋባነው በ77ቱ ድርቅ ነው። በተሞሸርኩ በዘጠነኛው ቀን ወሎ ውስጥ ወደነበረ መጠለያ ተመድቤ ሄድኩ፤ የተመለስኩት ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የእኔ የሌሊት ተረኝነት፣ የእሱ አስተማሪነት፣ ልጆች... ጡረታ ስንወጣ ደግሞ እሱ ያንኮራፋል፣ የእኔ እንቅልፍ በተረኝነት የተበላሸ ነው። መኝታ ክፍል ከለየን ስምንት ዓመት አልፎናል። ሳንጣላ ነው ታዲያ! በእኛ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች እንዲሁ ናቸው፤ አያወሩትም እንጂ።

ሻንጣ ሳዘጋጅ ነርስነቴ መጣብኝ። ባለቤቴ ስኳር ካለበት 17 ዓመቱ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ኢንሱሊን በጭነት ሻንጣ አይላክም፤ ብርድ ሊያደርቀው ይችላል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አያገለግልም። ስለዚህ ከቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችን ጋር በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት። ልጄ የገዛችልኝን የዋና ልብስ ግን ከሻንጣው ሥር ቀበርኩት። እዚያም አልወጣም።

ሆቴሉ ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ፣ ጃምቢያኒ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ዳር ነው። ጎጆዎቹ በዘንባባ ቅጠል የተከደኑ፣ ከበራቸው ላይ ነጭ አሸዋ የሚጀምር። ክፍላችን ስንገባ አልጋው ላይ በቀይ የአበባ ቅጠል ትልቅ ልብ ተሠርቷል፤ ፎጣዎቹም በዳክዬ መልክ ተጣጥፈዋል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የሙሽሮች ክፍል ተሳስተው ሰጡን፤ ሄጄ ልንገራቸው?» አለ።

የራት ሰዓት የሚለው ወረቀት 19 ሰዓት ይላል። ግራ ሲጋባ ያየችው አስተናጋጅ ሳቅ ብላ «ሳ ሞጃ» አለችው፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ለካ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ጀምሮ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አገሩ የገባ ይመስል ተዝናና። ያገኘውን ሁሉ ሰዓት ይጠይቅ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ የለም። ማታ በራችን ድረስ መጥቶ የነበረው ውኃ ሸሽቶ፣ አድማሱ ላይ ነጭ መስመር ብቻ ሆኗል። በተወው ሜዳ ላይ ሴቶች ወገባቸውን አጥፈው ይሠራሉ። በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ፤ አድርቀው ይሸጡታል፤ ምግብ ማወፈሪያና የቅባት ግብዓት ይሆናል። ዕድሜያቸው ከእኔ የማያንስ አሉበት። ወገባቸውን ሳይ ወገቤን አመመኝ።

ባለቤቴ እነሱን በቅርብ ማየት ፈለገና ጫማውን አወለቀ። «ተው» አልኩት። «ሲስተር፣ ዛሬ እረፍት ላይ ነሽ» አለኝ። ሲስተር የሚለኝ ሲያሾፍ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ከ30 ዓመት በላይ ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ አይሂድ እያልኩ ያስተማርኩ ሴት፣ እጄን ስለያዘኝ ብቻ ዝም አልኩ። በመንገድ ላይ እጄን ይዞኝ የሄደበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስን። ስለ ሴቶቹ እያወራ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወለሉ ነጭ ነው። በሄደበት ሁሉ ቀይ ነጥብ ይከተለዋል።

አስቀመጥኩት። ከአውራ ጣቱ ሥር ድንጋይ ይሁን ዛጎል ሰንጥቆታል፤ እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ ደሙን አቁሜ ሸፈንኩት። ከዚያ «ዓይንህን ጨፍን፤ ስነካህ ንገረኝ» አልኩና አልጋው ላይ ከቀረው የአበባ ቅጠል አንዱን አነሳሁ። እጁን ስነካው «አሁን» አለ። ጉልበቱ ላይም «አሁን» አለ። ወደ ጣቶቹ ወረድኩ፤ ዝም። ቅጠሉን ጥዬ በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ አውራ ጣቱን፣ መሐለኛውን፣ ትንሿን። በሁለቱም እግሩ።

«ጀምሪ እንጂ» አለኝ።

ጥቂት ቆይቼ ነው ድምፄ የወጣው። «ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሳይሆን አይቀርም። ነጠላ ጫማዬ ሲወልቅ አላውቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማታ ማታ የት አግኝቼሽ?»

የተናገረው በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው። እኔ ግን የሰው እግር በየወረፋው ሳገላብጥ ኖሬ፣ የራሴን ሰው እግር ካየሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ስቆጥር መልስ አጣሁ።

የባሕር ውኃ የገባበት የስኳር ሕመምተኛ ቁስል በቤት የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያው ቀን ስቶን ታውን ወዳለ ክሊኒክ ሄደን ሐኪም አየው፤ መድኃኒት ታዘዘለት። ስንወጣ ከባሕሩ ዳር ቻንጉ የምትባለዋን ትንሽ ደሴት አሳዩን። እስር ቤት ትሁን ተብሎ ተሠርቶባት፣ ኋላ ከመርከብ የሚወርዱ ሕሙማን ተለይተው የሚቆዩባት ሆናለች። ባለቤቴ «እኔንም እዚያ ልታስገቢኝ ነው?» ብሎ አሳቀኝ።

የቀሩትን አራት ቀናት ከበረንዳው አልራቅንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሳፋ አስመጣለሁ፤ የውኃውን ሙቀት በክንዴ እለካለሁ፤ እሱ በእግሩ ቢለካ ይቃጠላል እንጂ አያውቅም። ቁስሉ ያለበትን እግር ሳላረጥብ ጨርቁን እቀይራለሁ፤ ሌላውን አጥቤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አደርቃለሁ፤ ውስጥ እግሩን በፊት መስታወቴ ሳይቀር እመለከታለሁ። ቅባት እቀባዋለሁ፤ በጣቶቹ መሐል ግን አይቀባም፤ እርጥበት ይይዛል። እሱ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል። እኔም ስለዚያ መጠለያ፣ ለ40 ዓመት ያልነገርኩትን ሁለት ሦስት ነገር ነገርኩት።

ቁስሉ የገጠመው ከተመለስን በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ልጆቹ የባሕር ፎቶ ሲጠይቁን ያለን የሳፋ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም አስተናጋጇ ያነሳችን። አልጋዬን ወደ እሱ ክፍል አስገብቻለሁ። ማንኮራፋቱ እንዳለ ስለሆነ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከትቼ ነው የምተኛው።