የደላንታው ድንጋይና የደሴው ደብተር



በዚህ ወር ይዘናችሁ የምንጓዘው ወደ ወሎ ምድር ነው። ለጉዞው ያነሣሣን ወጣት ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የኦፓል ድንጋይ ቆረጣ ተምረናል፤ አሁን በምን እንጀምር?» የሚል ነው። መልሱን ከወንበራችን ሳንነሣ ከመጻፍ ይልቅ ድንጋዩ ከሚወጣበትና ከሚቆረጥበት ስፍራ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል ብለን በአላህ (ሱ.ወ.) ተመክተን ተነሣን።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጦሳ ተራራ ሥር አድረን፣ ሱብሕን ሰግደን በኩታበር በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀናን። መንገዱ ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ያስከነብላል፤ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የደላንታ ብርድ ጋቢ ያስፈልጋል። የወረዳው ከተማ ወገል ጤና የሚገኘው በዚህ ደጋ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ ኦፓል መኖሩ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ነው። ድንጋዩ የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በተነጠፈ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ነው። ወጣቶች በቀጭን የገደል መንገድ ወርደው በዶማና በመሮ ዋሻ እየፈለፈሉ ያወጡታል። ዋሻው እየተደረመሰ የሰው ሕይወት የቀጠፈበት ጊዜም አለ። እንግዲህ በገበያ መዳፍ ላይ የምናየው የሚያብረቀርቅ ድንጋይ በዚህ ሁሉ ድካም የመጣ ነው።

የወገል ጤና ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ውኃ ይጠጣል! ውኃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ እየደበዘዘ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥሬ ድንጋይ ደግሞ በሻካራ ልባሱ ውስጥ ያለው ቀለም እንዲታይ ውኃ ነክሮ ማሳየት የተለመደ ነው። በመሆኑም ገዢ የሆነ ሰው «እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ከወጣስ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይለዋል።

ይህን ስንሰማ አንድ ታሪክ ትዝ አለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ያላደረገው ለምን እንደሆነ ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም አስጠነቀቁ። ይህ ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። ለእህል ነጋዴ የተነገረው ቃል ለኦፓል ነጋዴም ቁርጥ ልኩ ሆኖ አገኘነው።

የእምነት ነገር በዚህ ሥራ ቀላል አይደለም። በደላንታ ኦፓል ከመገኘቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ከሰሜን ሸዋ መንዝ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ለውጭ ገበያ ቀርቦ ነበር። ብዙው ከተሸጠ በኋላ በመሰነጣጠቁ የኢትዮጵያ ኦፓል ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ኖሯል። አንድ ሰው የደበቀው ስንጥቅ የአገርን ስም እንደሚያጎድፍ ከዚህ እንማራለን። ዛሬም ድንጋዩን በጭስ አጥቁረው ወይም ቀለም አጠጥተው የሚሸጡ አሉ። ማጥቆሩን ለገዢው ነግሮ መሸጥ ይቻላል፤ ደብቆ በተፈጥሮ ጥቁር ነው ማለት ግን ማታለል ነው።

ወደ ደሴ ተመልሰን፣ ዙህርን ከሰገድን በኋላ በሸዋበር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የቆረጣ ቤት ገባን። ባለቤቱ በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አባት ናቸው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማሽን፣ ከላዩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ያለ ውኃና ያለ አፍ መሸፈኛ እንደማይሞርዱ ነገሩን።

«ጋሼ፣ ለጀማሪ ከባዱ ነገር የትኛው ነው?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ቆረጣውን እጅ ይለምደዋል» አሉ። «ሰውን የሚጥለው ከማሽኑ ከተነሣ በኋላ ያለው ነው። እኔን የጣለኝ ሒሳብ ነው።»

ከዚያም በምሳሌ አስረዱን። አንድ ሰው 200 ግራም ጥሬ ድንጋይ በ40,000 ብር ገዛ እንበል። አንድ ግራም አምስት ካራት ስለሆነ 1,000 ካራት ያዘ ማለት ነው። «አንዱ ካራት 40 ብር ወጣበት፤ በ150 ብር ብሸጠው ከእጥፍ በላይ አተርፋለሁ» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሲለይ ግማሹ የተሰነጠቀ ወይም ቀለም የሌለው ሆኖ ይወጣል፤ 500 ካራት ቀረ። ይህም ተሞርዶ ሲያልቅ ከሦስት አንዱ ብቻ ይተርፋል፤ 165 ካራት ገደማ። እንግዲህ አንዱ የተቆረጠ ካራት የወጣበት 40 ብር ሳይሆን ከ240 ብር በላይ ነው፤ ያውም መብራቱ፣ መሞረጃውና የእጅ ዋጋው ሳይታሰብ! በ150 ብር ቢሸጠው 24,750 ብር ይሰበስባል። ብሩን ቆጥሮ ደስ ይለዋል፤ ከወረቱ ግን 15,250 ብር ጎድሏል።

«እኔ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስሠራ ከረምኩ» አሉ። «ብር በእጄ ሲገባ ትርፍ መሰለኝ። ነገሩን ያወቀችው ልጄ ናት።»

ልጅቱ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጀበናውን ከምድጃው አውርዳ ወደ እኛ መጣችና «አባዬ በኪሱ ወረቀት ላይ ነበር የሚጽፈው» አለችን እየሳቀች። የያዘችውን ደብተር አሳየችን። የተገዛው ጥሬ ድንጋይ በግራም፣ የተከፈለው ዋጋ፣ የተጣለው፣ ተቆርጦ የወጣው ካራት፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ በዱቤ የወሰደው ሰውና የሚከፍልበት ቀን፣ እያንዳንዱ በየመስመሩ ተጽፏል። የቤት ወጪ በሌላ ደብተር ነው። አባትየው ከሥራው ለቤት የሚወስዱት በወር የተቆረጠ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ አያልፉም።

ዱቤውን መጻፍ የጀመሩት ተጎድተው ነው። አንድ ነጋዴ «ሸጬ እከፍላለሁ» ብሎ የተመረጡ ድንጋዮችን ወስዶ ቀረባቸው። ወረቀትም ምስክርም አልነበረም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን በጊዜው ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚያዝ ሆኖ ሳለ ብዙዎቻችን መጻፍን ወንድምን እንደ መጠርጠር እንቆጥረዋለን። መጻፉ ግን ወንድማማችነትን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም።

የደብተሩ ጥቅም የታየው በክፉ ቀን ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ወጣ። ሲመለሱ ማሽኑም መሞረጃውም የለም። ልጅቱ ግን ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር ደብተሩን በቦርሳዋ ይዛው ወጥታ ነበር። በደብተሩ ላይ የሦስት ሰዎች ዕዳ ከነምስክሮቹ ተጽፏል። ሰዎቹም ተጎድተው ስለነበር ጊዜ ተሰጣቸው፤ ቀስ በቀስም ከፈሉ። ዛሬ የምናየው ማሽን የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።

ወረት ለሌለው ወጣትስ? አባትየው የሚመክሩት በወለድ ከመበደር ይልቅ ገንዘብ ያለውና እጅ ያለው በሙዳረባ እንዲሠሩ፣ የትርፉ ድርሻም ከመጀመሪያው ተወስኖ እንዲጻፍ ነው። በአገራችንም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ጀማሪው የሥራ ፈቃድ ያውጣ፤ ጥቂት ድንጋይ ይግዛ፤ ለመድረቅ ሳምንታት ጊዜ ስለሚፈልግ ያን ያህል ጊዜ የሚያቆየው ስንቅ ይኑረው። በጥድፊያ የተቆረጠ ድንጋይ በገዢው እጅ ይሰነጠቃል።

በየዓመቱ በረመዳን አባትና ልጅ ያለውን ድንጋይ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ገምተው፣ ጥሬ ገንዘቡንና ይከፈላል ብለው የሚተማመኑበትን ዕዳ ደምረው፣ ያለባቸውን ቀንሰው፣ ኒሷብ ከሞላ ከመቶ ሁለት ተኩል ዘካ ያወጣሉ። ለዘካ ብለው የሚያደርጉት ቆጠራ ሥራቸው ማደጉን ወይም መክሳቱን ይነግራቸዋል።

ቡናው ሦስተኛው ደርሶ በረካ ተቀዳ። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው እንከኑን ከገለጹ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚነሣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን አነሣን። አባትየው ስኒውን ይዘው ለወጣቶቹ ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሚን አልን።

ስለዚህ ጥያቄውን ለላካችሁልን ወንድሞችና እህቶች መልሳችን ይህ ነው፦ ከማሽኑ በፊት ደብተር ግዙ፤ ስንጥቁንም አትደብቁ። አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቃችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።