ሸክሙ የማን ነው?

አዝመራ ተሰብስቦ የገበሬው እጅ ገንዘብ ሲያይ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያችን ባሉ ቀበሌዎች የጤና መድን መዋጮ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ? ይኼ በግብር ላይ ግብር ነው» ይላል። ሌላው «ስትታመምስ ማን ሊያሳክምህ ነው?» ይለዋል። ነገሩ ሲከር ደጋፊው «ካድሬ»፣ ተቃዋሚው «ፀረ ልማት» ይባላል። በእኛ በአማኞች መካከልም «መድናችን ጌታ ነው፤ ሌላ መድን አንሻም» የሚል አይጠፋም።

ጎጃም ስለ ግብር መጠየቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ አገረ ገዥውን አንሥተው ውዝፉን ግብር ምረዋል። ስለዚህ «ገንዘቤ የት ይገባል?» የሚለውን ወገን በክፉ አንየው። ሐዋርያው ጳውሎስም የተሰበሰበውን ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21)። ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ሰው ቢጠይቅ እምነት ጎደለው አይባልም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ አንዱ የምዕራብ ጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጤነኛው የከፈለው ለታመመው ይውላል፤ የደሃ ደሃ ተብለው ለተመዘገቡት መንግሥት ይከፍላል። ደጉ ሳምራዊም ራሱ ሳይቆስል ለቆሰለው ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ወደፊት የሚጨመረውንም በራሱ ላይ ወሰደ (ሉቃስ 10፥35)። ጌታ መድናችን መሆኑ ለባልንጀራችን ሕክምና ከመክፈል አያሳርፈንም።

ገላትያ 6 ቁጥር 2 አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም ያዝዛል፤ ቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን እንደሚሸከም ይናገራል። አንዱ ጎራ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ ይሟገታል። መጽሐፉ ግን ሁለቱንም ለእነዚያው አማኞች ጽፏቸዋል።

ወገኖች፣ በዚህ ሙግት መካከል የምትረሳ ሴት አለች። በቀን ሥራ ልጆቿን ታሳድጋለች። ከደሃ ደሃ መዝገብ አልገባችም፤ የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ መክፈልም አትችልም። የትኛውም ጎራ ቢረታ የእርሷ ደብተር አይታደስም። ልጇ ሌሊት ቢያተኩሰው የማንን በር ታንኳኳለች?

እንግዲህ ምዝገባው ሳይዘጋ በየኅብረታችን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ከመካከላችን ያላሳደሰ ማን ነው?» የሚችል የራሱን ይክፈል፤ ያልቻለውን አብረን እንሸከም። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥል።

ጌታ ይርዳን። አሜን።