ሲቪና እሸት ቡና

ሐሙስ። ኅዳር ከገባ ሳምንት አልፎታል። ከንጋቱ 11፡30 መስቀል አደባባይ ደርሼ ነበር፤ የጅማው አውቶቡስ ሲነሣ ግን ነግቷል። ትኬቱ 900 ብር ነበር፣ ውሃና ኬክ ጨምሮ። የምሄደው ለበጎ ፈቃድ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ዘንድሮ የሚመረቁ የቢዝነስ ተማሪዎችን ስለ ሥራ ዓለም እንዳማክርለት ጠይቆኝ፣ በባንክ ብድር ክፍል ያሳለፍኳቸው ዓመታት ለእነሱም የሚሆን ነገር ቢኖራቸው ብዬ እሺ አልኩ። ልጆቹ አስቀድመው የላኩልኝን ሲቪ አትሜ ይዣለሁ።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰበታ ወዲያ እስከ ቱሉ ቦሎና ወሊሶ ድረስ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ወርቅ መስሎ ይጠብቃል። ወልቂጤ ላይ ለቁርስ ወረድን። የገና ጾም ሊገባ ቀናት ስለቀሩት ክትፎ ቤቱ ሞልቷል፤ እኔም ክትፎ በቆጮ በላሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰኮሩ የሚወርዱ አዛውንት ነበሩ። ለምን ጅማ እንደምሄድ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው “ልጄ፣ የእኔም ልጅ ማኔጅመንት ጨርሷል፣ ሞባይል ቤት ተቀጥሮ ነው ያለው፤ እስቲ እነዚህን እንኳ አግዝልን” አሉኝ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ግራርና ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ቀስ በቀስ አረንጓዴው ይመለሳል፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያለ። ጅማ ስንገባ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል። አየሩ ከአዲስ አበባ ይሞቃል፣ እርጥበቱ ፊት ላይ ይሰማል። ባጃጅ በ40 ብር አዌቱ ወንዝን አሻግሮ ማረፊያዬ አደረሰኝ፤ ክፍሉ 800 ብር፣ በሩ ላይ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ተደርድሯል። ማታ ዘነበ። በለቀማ ወር የሚመጣ ዝናብ እዚህ ማንንም አያስደስትም፤ አስተናጋጇ ሰማዩን እያየች “የማድረቂያ አልጋውን ቡና ሸፍነውት ይሆን?” ስትል ሰማኋት።

ዓርብ። ቁርስ ፉልና ትኩስ ዳቦ፣ ከዚያ ቡና። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ተቋማት ተዋህደው የቆመ ነው፤ አንዱ በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን ሌላው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነው። ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ በማስተማር ዛሬም ይታወቃል። እኔ የሄድኩት ተማሪዎቹ ቤኮ ወደሚሉት የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ያህል ልጆች ጠበቁኝ፣ የአካውንቲንግ፣ የማኔጅመንት፣ የኢኮኖሚክስ፤ ከፊት የተቀመጡት ደብተር ዘርግተዋል፣ ከኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ያዩኛል።

ስለ ደመወዝ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ስለ መውጫ ፈተና ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ እና ልጆቹ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ ከብዷቸዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዋስ ነው። አንድ ከጌራ የመጣ ልጅ ተነሥቶ “ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሰው የለኝም፤ ባንክ ቢቀበለኝ ማን ዋስ ይሆነኛል?” አለ፤ ብዙዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስለ ዋስ በየትኛውም የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ልጅ ግን ፈተና አልፎ፣ ቃለ መጠይቅ አልፎ፣ እዚያ በር ላይ ይቆማል። የማውቀውን ነገርኩት፦ የትኛው የሥራ መደብ ዋስ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው እንደማይጠይቅ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ዋስ የሆነ ሰው ምን ግዴታ እንደሚገባ። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

ሲቪዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው። አናቱ ላይ ፎቶ፣ ቀጥሎ “ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ” የሚል እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ጂፒኤ፣ ከዚያ የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። የሥራ ማስታወቂያው የሚጽፈውን ቃል መልሰው መጻፋቸው ነው። አንዷን፣ ከአጋሮ አጠገብ የመጣችውን የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባትሽ በፊት ምን ትሠሪ ነበር አልኳት። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ፣ በለቀማ ወራት፣ ሚዛን ላይ ቆማ ኪሎ ትመዘግብ፣ ለገበሬው ደረሰኝ ትቆርጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሒሳቡን ከገንዘብ ያዡ ጋር ታስታርቅ ነበር። ለምን አልጻፍሽውም? “እሱ እኮ ሥራ አይደለም፣ አባቴን ማገዝ ነው” አለች፣ እየተሽኮረመመች።

ይህ ነገር ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። የማውቃቸው የብድር ሠራተኞች ከኮሌጅ ወጥተው ጥሬ ብር ያለበት መዝገብ ለማስታረቅ ድፍረት እስኪያገኙ ወራት ይፈጅባቸዋል። እሷ ያን የሠራችው ገበሬ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው።

ቅዳሜ። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ጣቢያውን ሊያሳዩኝ ተስማሙ። ሚኒባስ ወደ አጋሮ፣ 45 ኪሎ ሜትር፣ 150 ብር። ከከተማው ወጣ እንዳልን የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገር ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙት ዝርያዎች ተመርጠው የወጡት ከዚህ ነው፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ቁጥሮች መነሻቸው የ1974 ምርጫ ነው። ልጆቹ ቁጥሮቹን እንደ ጎረቤት ስም ይጠሯቸዋል። ከዚያ ማና ወረዳን አቋርጠን ጎማ ወረዳ ገባን፤ ዋንዛና ብሳና ከላይ፣ ቡናው ከሥር፣ በየደጁ ሰሌን ላይ ጀንፈል ተሰጥቷል፣ ዶሮ የምታባርር ሕፃን ልጅ ከአጠገቡ አለች።

ጣቢያው የሚሞቀው ወደ ማታ ነው። ቀን የተለቀመው ቀይ እሸት ሳይቦካ በዕለቱ መፈልፈል ስላለበት ገበሬው ከ10 ሰዓት ጀምሮ በጀርባው፣ በአህያ፣ በሞተር ሳይክል ይዞ ይመጣል። አረንጓዴውን ለይቶ ይጥላል፣ ያስመዝናል፣ ደረሰኝ ይቀበላል። ሽታው ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ ሴቶች ቆመው ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና እየለቀሙ የተሰበረውን ያወጣሉ።

የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን አሳየን፣ እኔም ከዚህ ጉዞ ብዙ የተማርኩት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ገበሬው እሸቱን ባመጣበት ቀን ብሩን ይፈልጋል፣ የግል ገዢው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ማኅበሩ የዕለቱን ካልከፈለ ቡናው ወደዚያ ይሄዳል። የተገዛው ቡና ግን ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ገለባው ተነሥቶ፣ ተልኮ ገንዘብ ሆኖ የሚመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል። የጌራው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ቀን ግዢ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ፣ ወለዱ በአራት ወር ስንት እንደሚሆን እዚያው ደመረ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ታዲያ ባንክ ለምን ቶሎ አያበድርም?” አለኝ። ስለ ማስያዣ፣ ስለ ኦዲት፣ ስለ ሽያጭ ውል ነገርኩት። ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ባንክ በር ላይ እንደሚመለስ፣ መዝገቡን በወቅቱ የሚዘጋ ሰው ያለው ደግሞ እንደሚሰማ። የሒሳብ ሠራተኛው “ሰው ነው የጠፋው” አለ። አዲስ አበባ ላይ አንድ የባንክ ክፍት ቦታ በሺህ ተመራቂ ሲጨናነቅ እዚህ የሚፈለገው ያው ሙያ ነው።

ደግሞም ጊዜው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ቡና በእሱ በኩል ያልፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ በቀጥታ የመላኩ መንገድ ሰፍቷል፣ ስለዚህ ውል የሚያነብ፣ ለገዢ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቡናው ከየት እንደመጣ መዝግቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ከዚሁ ከአጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ልጆቹ ያውቁታል፤ ከዲግሪያቸው ጋር አያይዘው አስበውት ግን አያውቁም።

ማታ የልጅቷ አባት ቤት ቡና ቀላ ቀረበልን፣ በቅቤ የተጠበሰ ፍሬ፣ መራራና ቅባታም፤ ቀስ እያልኩ ወደድኩት። አባትና ልጅ በኦሮምኛ ረዥም ተነጋገሩ፣ ሁሉን አልተረጎመችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኋላ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ፦ እሳቸው ያስተማሯት ከቡና እንድትወጣ ነው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም ማለት አልችልም። ቡናውን ዕድሜ ልክ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

እሁድ አረፍኩ። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ፤ ከእንጨት የተሠራው ሰገነት ያምራል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀዋል፣ የሂርማታ ገበያም የሲራራ ነጋዴ መድረሻ ነበር። ከላይ ሆኖ ከተማውን ሲያዩት ገበያው ለምን እዚያ እንደተተከለ ይገባል።

ሰኞ። ቃለ መጠይቅ ተለማመድን። በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚጨነቁት ልጆች በኦሮምኛ ሲጠየቁ ሙሉ ሰው ይሆናሉ፣ ስለዚህ በመጀመሪያ በሚመቻቸው ቋንቋ እንዲመልሱ፣ ያንኑ ነገር ከዚያ በእንግሊዝኛ እንዲደግሙት አደረግን፤ ኦሮምኛ በማልከታተልበት ቦታ ጓደኞቻቸው ፈረዱ። የአጋሮዋ ልጅ “0 ዓመት” የሚለውን ሰርዛ “የእሸት ቡና ግዢ መዝጋቢ፣ ሁለት የለቀማ ወቅት፤ የዕለት ጥሬ ገንዘብ ማስታረቅ” ብላ ጻፈች፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበርም ምስክር አድርጋ አስገባች። ሲቪውን ለሁለት ቦታ ልትልከው ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ ያለ ባንክ ነው፣ ሌላው አጋሮ ያለ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን። የትኛውን እንደምትመርጥ አልነገረችኝም። የጌራው ልጅ ደግሞ የብድር ማመልከቻ ምን ምን እንደሚይዝ ዝርዝሩን ጠየቀኝ፣ ለማኅበሩ ሊያዘጋጅላቸው፤ ረቂቁን በጥር እንዲልክልኝ ተስማማን።